ቀስ ብሎ ወደ ባሕር፦ ከቶጎ ውጫሌ በሐርጌሳ በኩል እስከ በርበራ በብስክሌት

ሐርጌሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በርበራ ባሕሩ ዳር ናት። በሁለቱ መካከል 160 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት አለ፤ ከቶጎ ውጫሌ ድንበር እስከ ሐርጌሳ ደግሞ ሌላ 90። ይህን የሰማ ብስክሌተኛ ወዲያው «ታዲያ ቁልቁለት አይደል እንዴ!» ይላል፤ ፔዳል ሳይመታ በርበራ የሚገባ ይመስለዋል። ቁልቁለትነቱ እውነት ነው። እዚህ መንገድ ላይ ሰው የሚጥለው ግን ፀሐይ፣ ነፋስና የውሃ እጥረት ነው፤ ሦስቱንም በጉልበት የረታቸው የለም። በሰዓት አጠባበቅ ይረታሉ፦ ጎህ ሲቀድ መነሳት፣ ረፋድ ላይ መቆም፣ ጥላ ሥር ጋደም ማለት፣ የቀረውን ለነገ መተው። ስለዚህ መመሪያው የተጻፈው መኪና በግማሽ ቀን የሚጨርሰውን 250 ኪሎ ሜትር በሰባትና በስምንት ቀን ለመጨረስ ለማያፍር ሰው ነው።

መቼ ይሂዱ

ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ። ከዚያ ውጭ ያለውን ጊዜ ለደጋው ክፍል፣ ማለትም ለቶጎ ውጫሌ–ሐርጌሳ መንገድ ብቻ ያስቡት። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ የበርበራ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ አቅም ያለው የከተማው ሰው ራሱ ቤቱን ዘግቶ ወደ ሼክ፣ ወደ ቡርዖ ወይም ወደ ሐርጌሳ ይሸሻል። ነዋሪው የሚሸሸውን ሙቀት እንግዳ ሰው በብስክሌት ልግባበት ማለት የለበትም።

ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። የበርበራ ገበያ ጥንት የሚቆመው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነበር፤ የሐረርና የኦጋዴን ሲራራ ነጋዴ ቡናውን፣ ቆዳውንና ሙጫውን ጭኖ ይወርዳል፣ የዐረብ መርከቦች ከወዲያ ማዶ ይመጣሉ፣ ሙቀቱ ሲበረታ ሁሉም ወደየመጣበት ይበተናል። እንግሊዛዊው አሳሽ ሪቻርድ በርተንም ሐረርን አይቶ ወደ በርበራ የወረደው እ.ኤ.አ. በ1855 በጥር ወር ነው። ግመል የሚነዳ ሰው የመረጠው ወቅት ለብስክሌተኛም ይሆናል።

ሁለት ነገሮች ቀን ሲቆርጡ ያስቡባቸው። አንደኛው ረመዳን ነው። በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ወደፊት እየቀደመ ስለሚመጣ፣ በ2019 ዓ.ም. የካቲት መጀመሪያ ገደማ፣ በ2020 ደግሞ ጥር 20 ገደማ ይገባል፤ ማለትም ጥሩው ወቅት መካከል እየገባ ነው። በረመዳን የመንገድ ዳር ሻይ ቤቶች ቀን ቀን ዝግ ናቸው፤ በሰው ፊት ውሃ መጠጣትም ነውር ነው። ውሃ ሳይጠጡ ደግሞ ይህን መንገድ መንዳት አይቻልም። ስለዚህ ቀኑን ያዛውሩ። ሁለተኛው የገና ጾም ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ ለሚጾም ተጓዥ ሥጋና የግመል ወተት ባህሉ በሆነ አገር ምግብ መምረጥ ትንሽ ማሰብ ይጠይቃል፤ ጾሙንም ባይጾሙ የእስላም ሥጋ የማይበሉ ከሆነ ያው ነው። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ባቄላ፣ ሙዝና ቴምር በየከተማው አለ፤ ጠዋት ደግሞ ከእንጀራችን የሚዘመደው «አንጄሮ» ይቀርባል። ቴምር በኪስ መያዝ ለማንኛውም ብስክሌተኛ ጥሩ ነው። አልኮል ግን በሶማሊላንድ ክልክል ስለሆነ አንዲት ጠርሙስ እንኳ በሻንጣዎ አይገኝ።

ወረቀት

ፓስፖርትና ቪዛን በተመለከተ አዲስ አበባ ያለውን የሶማሊላንድ ጽሕፈት ቤት በአካል ሄደው ይጠይቁ። በወሬ አይመኩ። የፓስፖርትዎንና የቪዛዎን ቅጂ አሥር ያህል አባዝተው ይያዙ፤ በየኬላው ኦርጅናሉን ከማውጣት ቅጂ መስጠት ይቀላል።

ቶጎ ውጫሌ ላይ ሰው፣ አህያና ጋሪ ድንበሩን ሲያቋርጥ ስለሚውል እርስዎም ሳይታወቅዎ ሊያልፉ ይችላሉ። ተመልሰው የመውጫ ማኅተም ያስመቱ። ማኅተም ሳይኖርዎ ሐርጌሳ ደርሰው በአውሮፕላን ልመለስ ቢሉ ችግሩ ያኔ ይጀምራል። የብስክሌቱን መግዣ ደረሰኝ ለጉምሩክ ይያዙ፤ ከሌለዎት የፍሬም ቁጥሩ የሚታይበት ፎቶግራፍ ያንሱ።

ከሐርጌሳ በስተምሥራቅ መንገዱ ሌላ ወረቀት ይፈልጋል። የውጭ አገር ጎብኚ ከከተማዋ ሲወጣ የታጠቀ ጠባቂ ፖሊስ እንዲይዝ የሚጠይቅ አሠራር አለ፤ የጥንት የዋሻ ሥዕሎች ያሉበትን ላስ ጌልን ለማየት ደግሞ ፈቃድ የሚወሰደው ሐርጌሳ ካለው የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ነው። የጠባቂው ነገር እንደ ወቅቱና እንደ መንገዱ ጠበቅ ላላ ስለሚል ከዚያው መሥሪያ ቤት ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙት። ከቶጎ ውጫሌ እስከ ሐርጌሳ ያለው ብዙውን ጊዜ ያለ ጠባቂ ይታለፋል።

ጠባቂ መያዝ የጉዞውን ነፃነት የሚያበላሽ ይመስላል። በእኔ አስተያየት ግን በሚገባ ከተጠቀሙበት ይጠቅማል፤ ጠባቂው የሚሄድበት መኪና ውሃዎንና ድንኳንዎን ይጭናል፣ ድንገት ቢታመሙም ወደ ከተማ ያደርሳል። አስቸጋሪው ሌላ ነው፦ ለመኪና ሰው በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር መሄድ ቅጣት ነው። ስለዚህ ገና ሐርጌሳ ሳሉ ይነጋገሩ። የሚነሱበትን ሰዓት፣ የት የት እንደሚቆሙ፣ የቀን ክፍያውን፣ የምሳውንና የጫቱን ነገር ሁሉ። መኪናው ከኋላዎ እየተንቀራፈፈ እንዳይከተልዎ ይልቁንም አሥር አሥር ኪሎ ሜትር እየቀደመ እንዲጠብቅዎ ቢስማሙ ለሁለታችሁም ይሻላል።

ብስክሌቱና ጭነቱ

ብዙ ማርሽ አያስፈልግም፤ ሰፊ ጎማ ግን ያስፈልጋል። ከ40 ሚሊ ሜትር የማያንስ ስፋት ያለው፣ ውፍረቱ የታመነ ጎማ ያስገቡ። የዚህ አገር ትልቁ ጠላት የግራር እሾህ ነው። ለማረፍ ሲቆሙ ብስክሌቱን እየገፉ ዛፉ ሥር ድረስ አይሂዱ፤ ጥላው ባለበት ሁሉ እሾህ አለ። ተሸክመው ይግቡ፤ ሲወጡም ጎማውን በእጅዎ ዳሰው፣ የተሰካ ካለ ነቅለው ይነሱ። ሦስት ወይም አራት ካላማዳሪ፣ ፓች፣ ማስቲሽ፣ ጎማ መፍቻና ፖምፓ የግድ ናቸው። ጎሚስታ በየከተማው አለ፤ ለመኪና ጎማ የለመደ ስለሆነ ግን ሥራውን ራስዎ ቢያውቁት ይመረጣል። የማርሽ ገመድ፣ የፍሬን ገመድና የካቴና መጋጠሚያ ከአዲስ አበባ ይዘው ይሂዱ፤ ሐርጌሳ ላይ አገኛለሁ ብለው አይመኩ።

ልብስ ረጅምና ሰፊ ይሁን። ቁምጣ በወንድም ቢሆን አይወደድም፤ ሴት ተጓዥ ፀጉሯን ብትሸፍንና ከሱሪዋ በላይ ረዘም ያለ ቀሚስ ብታደርግ ከብዙ ዐይንና ከፀሐይም ትድናለች። ነጠላ ይያዙ። ለአንገት ጥላ፣ ለአቧራ መሸፈኛ፣ ለቀትር እንቅልፍ አልጋ ልብስ ይሆናል፤ ሲረጥብም ወዲያው ይደርቃል።

ውሃ በደጋው ክፍል ላይ ሦስት ሊትር ይበቃል። ከሐርጌሳ በታች ግን ቢያንስ ስድስት ሊትር በእጅዎ ሳይኖር አይነሱ። በየመንደሩ የሚያዩት ቢርካ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው፤ የሰውና የከብት ሕይወት በእሱ ላይ ስለሆነ ሳይጠይቁ አይቅዱ፣ ሳያፈሉም አይጠጡ። ጥቂት የኦአርኤስ ከረጢትም ይያዙ።

ስለ ገንዘብ፦ አነስ አነስ ያሉ፣ ያልተቀደዱና ያላረጁ ዶላሮች ይያዙ። የሶማሊላንድ ሺሊንግ አለ፤ ነገር ግን አገሩ በስልክ መክፈል የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ዛድ የሚባለው አገልግሎት ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ፤ ጠረጴዛ የሌላት ሻይ ሻጭ እንኳ የዛድ ቁጥሯን ለጥፋ ትጠብቅዎታለች። ሐርጌሳ እንደገቡ ሲም ካርድ አውጥተው ዛድ ያስከፍቱ።

አስፋልቱ ላይ

መኪና እንደ እኛ በቀኝ ይሄዳል። ነገር ግን ከውጭ የሚገቡት አብዛኞቹ የቤት መኪኖች መሪያቸውም በስተቀኝ ነው። ይህን ያላስተዋለ ብስክሌተኛ አደጋን ከኋላ ይጠብቃል። ከኋላዎ የሚመጣው ሹፌር የሚቀመጠው በእርስዎ በኩል ስለሆነ በደንብ ያይዎታል። የሚያሰጋው ከፊት ነው። ከወዲያ የሚመጣ መኪና ከባድ መኪና ሊቀድም ሲፈልግ፣ ሹፌሩ በጠርዙ በኩል ስለተቀመጠ የመኪናው ግማሽ አካል ወጥቶ እርስዎ ያሉበት መስመር ውስጥ እስኪገባ ድረስ ፊት ለፊቱን አያይም። ስለዚህ ከፊትዎ ተደራርበው የሚመጡ መኪኖች ባዩ ቁጥር ክብርዎን ትተው ከአስፋልቱ ይውረዱ።

ከረፋድ ጀምሮ ደግሞ የጫት መኪናዎች አሉ። ጫቱ ከአወዳይ በጅግጅጋ አድርጎ ሳይጠወልግ ሐርጌሳ መድረስ ስላለበት ለማንም አይቆሙም። ከቶጎ ውጫሌ እስከ ሐርጌሳ ባለው መንገድ ከ4 ሰዓት በኋላ አስፋልት ላይ ላለመገኘት ፀሐይዋ ብቻ ሳትሆን እነሱም ምክንያት ናቸው።

ኬላ ሲያዩ ከሩቁ ይውረዱ፣ የፀሐይ መነጽርዎን ያውልቁ፣ ሰላምታ ያስቀድሙ። ኬላ፣ ወታደር፣ ወደብና አየር ማረፊያ ፎቶግራፍ አይነሳም። ሽንት ለመሽናትም ሆነ ድንኳን ለመትከል የሰውና የከብት ዱካ ከሌለበት ጫካ አይግቡ። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጦርነት የተረፈ ፈንጂ ሄሎ ትረስት የተባለው ድርጅት ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲያመክን ቆይቷል፤ ብዙው ጸድቷል፤ ቢሆንም የተረገጠ መንገድ መምረጥ ምንም አያስከፍልም።

ከቶጎ ውጫሌ እስከ ሐርጌሳ

ብስክሌቱን በአውቶቡስ ጣሪያ ወይም በአውሮፕላን ጅግጅጋ ያድርሱና ከዚያ ወደ ድንበሩ ይሂዱ። ድንበሩን ቀን ላይ ተሻግረው፣ ውጫሌ አድረው፣ በማግስቱ 12 ሰዓት ላይ ይነሱ። መንገዱ ሜዳ ነው። በከላበይድ አልፎ ገቢለይ ይገባል፤ ገቢለይ ከሐርጌሳ 56 ኪሎ ሜትር ላይ ስላለች በመጀመሪያው ቀን የሚነዱት ከ40 ኪሎ ሜትር በታች ነው። ይበቃል። እዚያው ይደሩ።

ይህ የሶማሊላንድ የእርሻ አገር ነው። ማሽላና በቆሎ በበሬና በትራክተር ይታረሳል፤ በኅዳር ከሄዱ አጨዳው ላይ ይደርሳሉ፣ አገዳው በየማሳው ተከምሮ ግመል ሲጫነው ያያሉ። ሶማሌ ሲባል ከብት አርቢ ብቻ የሚታየው ሰው እዚህ ቢቆም ጥሩ ነው። ሻይ ቤት ሲገቡ አማርኛ የሚመልስልዎ ሽማግሌ ቢያጋጥምዎ አይደነቁ። በ1988 (እ.ኤ.አ.) የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ሲደበድቡ ሕዝቡ ወደ ኢትዮጵያ ሸሽቶ ሐርተ ሼክ ሰፍሯል፤ ጅግጅጋ ያደገውም ብዙ ነው። እነዚህ ሽማግሎች ከየትኛውም ካርታ ይሻላሉ፤ ውሃ የት እንዳለ፣ የትኛው መንገድ እንደተቆረጠ እነሱን ይጠይቁ። ስለ ባሕር በር መጠየቅዎም አይቀርም። በጥር 2024 (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያና ሶማሊላንድ አዲስ አበባ ላይ የተፈራረሙትን የመግባቢያ ሰነድ ሁሉም ያውቀዋል፤ ኢትዮጵያዊ በብስክሌት ወደ ባሕሩ ሲወርድ ማየት ደግሞ ለቀልድ የሚመች ነው። ስቀው ይለፉት፣ ክርክር አይግጠሙ። አገሩንም «ሶማሊያ» ብለው አይጥሩ፤ በግንቦት 1991 (እ.ኤ.አ.) ተለይተናል ያለ ሕዝብ ነው።

በሁለተኛው ቀን አረብሲዮ ላይ ይቁሙ። ደረቅ ወንዙን ተከትሎ የፍራፍሬና የአትክልት ቦታ አለ፤ በጉዞው ሁሉ እንዲህ ያለ አረንጓዴ ጥላ ዳግመኛ አያገኙም። ከዚያ በአባርሶ አድርገው ሐርጌሳ ይገባሉ። በ4 ሰዓት ሐርጌሳ የማይደርሱ ከሆነ አረብሲዮ ላይ ቀትሩን አሳልፈው 10 ሰዓት ላይ ይነሱ። ከተማዋን ሳይነኩ የውጫሌንና የበርበራን መንገድ የሚያገናኝ 22.5 ኪሎ ሜትር ማለፊያ አስፋልት ተሠርቷል፤ ለከባድ መኪና የታሰበ ነው፣ ለእርስዎ አይጠቅምም።

ሐርጌሳ ላይ ሁለት ሌሊት

ሁለት ሌሊት ይደሩ። ኦሪየንታል ሆቴል ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መሐል ከተማው ላይ አለ፤ ብስክሌት ወደ ውስጥ ማስገባት ይቻል እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ያረፉበትን ቀን ለወረቀት ያውሉት፤ ዓርብ መሥሪያ ቤት ዝግ መሆኑን አይርሱ። ጠዋት የግመል ገበያውን፣ ከዚያ ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ ያለውን፣ የ1988ቱ (እ.ኤ.አ.) ድብደባ መታሰቢያ የሆነውን የሚግ አውሮፕላን ማየት ይቻላል። ሆድዎ ከታመመ በኤድና አዳን የተቋቋመው ሆስፒታል ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እየሠራ ነው፤ ከዚህ በኋላ እስከ በርበራ እዚህ ግባ የሚባል ሕክምና ስለማያገኙ ትንሿን ሕመም ሐርጌሳ ላይ ያስታምሙ።

በሻይ ቤቱ እንግሊዝኛው ለየት ያለ ሽማግሌ ካጋጠመዎ ካርዲፍ የኖረ ሊሆን ይችላል። ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የዚህ አገር መርከበኞች በዚያች የዌልስ ወደብ ሰፍረዋል፤ የካርዲፍ ምክር ቤት በ2015 (እ.ኤ.አ.) ለሶማሊላንድ ዕውቅና የሰጠው በእነሱ ምክንያት ነው። ለቀትር ማንበቢያ የሐርጌሳ ተወላጇ የናዲፋ ሞሐመድን «ዘ ፎርቹን ሜን» ይያዙ፤ ካርዲፍ ውስጥ ባልሠራው ወንጀል በ1952 (እ.ኤ.አ.) ስለተሰቀለ ሶማሊ መርከበኛ የተጻፈ ልብ ወለድ ነው።

ከሐርጌሳ እስከ ባሕሩ

ከሐርጌሳ ሲወጡ መንታዎቹ የናሳ ሀብሎድ ኮረብታዎች ይታያሉ። መንገዱ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ግራር፣ ሬት፣ የምስጥ ኩይሳ፣ አልፎ አልፎ እንሹና ከርከሮ። ወደ 50 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ዱባቶ ይደርሳሉ፣ ወደ ላስ ጌል የሚገነጠለው ጥርጊያ መንገድ ከዚያ ነው። ጥርጊያው አሸዋ አለው፤ የጎማዎን ንፋስ ትንሽ ያርግቡ፣ ካልሆነም ገፍተው ይሂዱ።

ላስ ጌልን የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ቡድን በግዛቪዬ ጉተርዝ መሪነት በ2002 (እ.ኤ.አ.) ለዓለም አሳወቀው፤ እረኞች ግን ቀድሞም ያውቁት ነበር። በግራናይት ዋሻዎቹ ጣሪያ ላይ አንገታቸው በጌጥ የተሸለመ ላሞች፣ ከሥራቸው እጃቸውን የዘረጉ ሰዎች፣ ውሾችም ተሥለዋል፤ ቀይና ነጭ ቀለሙ ትናንት የተቀባ ይመስላል። ድሬዳዋ አካባቢ የለገ ኦዳን ሥዕል ያየ ሰው ዝምድናውን ወዲያው ያውቀዋል። አይንኩት፣ ውሃም አይርጩበት። ድንጋዩን በቀትር መውጣት ከባድ ስለሆነ፣ ከሐርጌሳ በወጡበት ቀን ከሰዓት ዱባቶ አካባቢ አርፈው በማግስቱ ጠዋት ቢያዩት ይመረጣል። ስለ ማደሪያው ከጠባቂዎ ጋር ሐርጌሳ ላይ ይጨርሱት፤ ሆቴል የሚባል ነገር አይጠብቁ።

ሥዕሉን አይተው ሲጨርሱ የዚያን ቀን ወደ ደዓርቡዱቅ ብቻ ይንዱ። ይህች ከተማ የመንገዱ አጋማሽ ላይ ያለች የመኪና ሰው መቆሚያ ናት፤ ሻይዋ በወተትና በሄል የተፈላ፣ ስኳሩ የበዛ ነው። ለብስክሌተኛ ስኳሩ ጥሩ ነው።

የመጨረሻው ክፍል ከሁሉ ይከብዳል። በወረዱ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፣ ጥላው ይሳሳል። በዚህ ወቅት ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ማለትም ከፊትዎ ነው፤ ፀሐይ ከፍ ስትል የባሕሩም ነፋስ ይጨመርበታል፤ ቁልቁለት ላይ ሆነውም ፔዳል መምታትዎ አይቀርም። ስለዚህ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ብርሃን ብልጭ ሲል ይነሱ። ከ4 ሰዓት በኋላ ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ላብ ማቆም ከተሰማዎ ወዲያው ጥላ ይፈልጉ፣ ራስዎን ያርጥቡ፣ ኦአርኤስ ይጠጡ፤ ለዚያ ቀን መንዳት አብቅቷል። ብስክሌቱን መኪናው ላይ ጭኖ የቀረውን መንገድ መጨረስ ውርደት የለውም፣ ወይም ሌላ ቀን ጨምረው መንገድ ላይ ይደሩ። ደረቅ ወንዞቹን ሲሻገሩ ሰማዩ ወደ ተራራው ከጠቆረ ወንዙ ውስጥ አይቁሙ፤ ጎርፉ እርስዎ ባሉበት ሳይዘንብ ይደርሳል።

በርበራ እንደገቡ በቀጥታ ወደ ባታላሌ የባሕር ዳርቻ ይንዱ። በልብስዎ ይዋኙ፤ ሴቶች በረጅም ልብስ ነው የሚገቡት። የተጠበሰ ዓሣ በሩዝ እዚያው አለ። አሮጌው ሠፈር ከኦቶማንና ከእንግሊዝ ዘመን የቀሩ ቤቶች ስላሉት በማለዳ በእግር ይዙሩት፤ ዲፒ ወርልድ የሚያስተዳድረውን ወደብ ግን ከሩቅ ይዩት፣ ካሜራዎንም ኪስዎ ውስጥ ይተዉ።

ባሕር ዳር የቆመ ብስክሌት በሁለት ቀን ይዝጋል። በዚያኑ ዕለት ማታ ጨው በሌለው ውሃ ይጠቡት፣ አድርቀው ካቴናውን ዘይት ይቀቡት። ጉልበት የተረፈው ሰው ወደ ሼክ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ አለለት፤ ከ1,400 ሜትር በላይ ዳገት ስለሆነ በመኪና ወጥቶ በብስክሌት መውረድን እመክራለሁ። ለመመለስ ከበርበራ ወደ ሐርጌሳ የሚሄዱ ሚኒባሶች ጠዋት ይነሳሉ። ብስክሌቱ ጣሪያ ላይ ሲጫን የፊት ጎማውን ፈትተው፣ የማርሹን በኩል ወደ ላይ አድርገው፣ ራስዎ ይሰሩት፤ ዋጋውንም ከመጫኑ በፊት ይቁረጡ።